ጠባዩ ከአሰዳደሩ ነው፦ ሜታማቴሪያል፣ የቴራኸርትዝ ሞገድና የእኛ ቤተ ሙከራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ የምናስተምረው ኮርስ በተጠናቀቀበት ዕለት፣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ቀርታ ወደ ሰሌዳው ቀረበች። በዕለቱ የገለጽነው ሞገድን ባልተለመደ አቅጣጫ ስለሚሰብሩ ሰው ሠራሽ ቁሶች ነበር። «መምህር፣ ይህን ነገር እኛ እዚህ ልንሞክረው የምንችለው በምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችን። እኛም ማስታወሻችንን እየሰበሰብን፣ ብዙም ሳናስብ፣ «እሱንስ ወደፊት ውጭ አገር ስትማሪ ታገኚዋለሽ» አልናት። አመስግና ሄደች። መልሳችን ግን ከህሊናችን አልወጣም፤ ስህተት መሆኑን የተረዳነውም ውሎ አድሮ ነው። ይህ ጽሑፍ በዚያ ዕለት ልንሰጣት ይገባን የነበረው መልስ ነው።

ሐሳባችን በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሜታማቴሪያል በመባል የሚታወቁት ቁሶች ለፊዚክስ ተማሪ የሚሰጡት ዋነኛ ትምህርት፣ የአንድ ቁስ ጠባይ ከተሠራበት ንጥረ ነገር ብቻ ሳይሆን ከክፍሎቹ ቅርጽና አሰዳደርም የሚመነጭ መሆኑ ነው። ቅርጽና አሰዳደር ደግሞ ውድ መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ አይጠብቁም። ስለሆነም «ይህ ለእኛ አይሆንም» የሚለው አባባል በሳይንስ በኩል መሠረት የለውም ብለን እንከራከራለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

በሁለት ጎራ መካከል የቀረ ሞገድ

እንደሚታወቀው የሬዲዮ ሞገድ፣ የሚታየው ብርሃንና ኤክስሬይ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሁሉም የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች በኅብረት እየተወዛወዙ የሚጓዙባቸው ሞገዶች ሲሆኑ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው በሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ፣ ማለትም ድግግሞሹ ነው። 1 ቴራኸርትዝ በሰከንድ 1,000,000,000,000 ውዝዋዜ ማለት ነው፤ የዚህ ሞገድ ርዝመትም 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል። በአብዛኛው የቴራኸርትዝ ክልል የሚባለው ከ0.1 እስከ 10 ቴራኸርትዝ ያለው ሲሆን፣ በሞገድ ርዝመት ሲለካ ከ3 ሚሊሜትር እስከ 0.03 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከበታቹ የራዳርና የሞባይል ስልክ ማይክሮዌቭ፣ ከበላዩ ደግሞ ኢንፍራሬድ ይገኛሉ።

ይህ ክልል ለረጅም ጊዜ የሁለቱም ጎረቤቶቹ የእንጀራ ልጅ ሆኖ ኖሯል። ከበታች የሚመጣው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ ትራንዚስተሮቹ ይህን ያህል ፈጥነው ሲወዛወዙ ጉልበት ያንሳቸዋል። ከበላይ የሚመጣው የሌዘር ባለሙያ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። የ1 ቴራኸርትዝ ፎቶን ጉልበት 4 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በተለመደው የክፍል ሙቀት የሚገኘው የሙቀት ጉልበት 25 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው፤ በመሆኑም የሞገዱ ድምፅ በሙቀት ጫጫታ ይዋጣል። ተመራማሪዎች ይህን ክፍተት «የቴራኸርትዝ ገደል» እያሉ መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሞገዱ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በወረቀት፣ በጨርቅ፣ በፕላስቲክና በደረቅ እንጨት ውስጥ ያልፋል፤ ከብረት ላይ ይንጸባረቃል፤ በውሃ ደግሞ እጅግ ይዋጣል። የፎቶኑ ጉልበት አነስተኛ በመሆኑ እንደ ኤክስሬይ አቶሞችን ወደ አዮንነት አይለውጥም። በ1995 ቢንቢን ሁ እና ማርቲን ኑስ የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በዚህ ሞገድ የአንድ ቅጠልን ምስል ካነሡ በኋላ፣ ቅጠሉ ለሁለት ቀናት ውሃው እንዲተን ትተው እንደገና አነሡት፤ የውሃው መቀነስ በምስሉ ላይ በግልጽ ታየ። በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በአደጋ ከጠፋች በኋላም፣ በነዳጅ ታንክ መሸፈኛ አረፋ ውስጥ የተደበቁ ክፍተቶችን ለመፈለግ ከተመረጡት ዘዴዎች አንዱ ይኸው ሞገድ ነበር።

በአንጻሩ የቴራኸርትዝ ሞገድ የሰውን ሆድ ዕቃ ያሳያል የሚሉ የጋዜጣ ዘገባዎችን ያነበበ ተማሪ ቢኖር፣ ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ መሆኑን ያስታውስ። ሞገዱ እርጥብ በሆነ አካል ውስጥ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይዘልቅ ይዳከማል። እኛም ውጭ አገር ለዶክትሬት በተማርንባቸው ዓመታት የውሃን ኃይል በሚገባ አይተናል፤ የአየሩ እርጥበት ብቻ ልኬታችንን ስለሚያበላሸው፣ መሣሪያውን በሳጥን ሸፍነን ደረቅ ናይትሮጅን ሳንነፋበት ሥራ አንጀምርም ነበር።

ማሰባሰብና መምራት

አንድን ሞገድ ለጥቅም ለማዋል ማመንጨትና መቀበል ብቻ አይበቃም። በአንድ ነጥብ ላይ ማሰባሰብና ወደሚፈለግበት አቅጣጫ መምራት ያስፈልጋል። ይህ በተለይ ለቴራኸርትዝ የሚብስበት ምክንያት አለ። አመንጪዎቹ ደካማ ስለሆኑ ያገኙትን ጥቂት ጉልበት መበተን አይችሉም። በመገናኛ በኩልም በ2017 የወጣው የአይ ትሪፕል ኢ 802.15.3ዲ ደረጃ በ300 ጊጋኸርትዝ አካባቢ በሰከንድ እስከ 100 ጊጋቢት መረጃ ለማስተላለፍ ያለመ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ሞገድ እንደ ተራ የሬዲዮ ሞገድ በየአቅጣጫው ቢለቀቅ ከተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ኢምንት ይሆናል። ጨረሩ እንደ ባትሪ ብርሃን መጥበብና ተቀባዩ ሲንቀሳቀስ አብሮ መዞር አለበት።

ለማሰባሰብ ከፖሊኤቲሊን የተሠራ ሌንስ ወይም ጎድጓዳ የብረት መስታወት ይበቃል። እኛም የተጠቀምነው እነዚህኑ ነበር። ጨረሩን ለማዞር ግን መስታወቱን በሞተር ማዞር ግድ ይላል፤ ሞተር ደግሞ ዘገምተኛ ነው። የተሻለው መንገድ ሳይንቀሳቀስ፣ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ብቻ ጠባዩን የሚለውጥ ቁስ ማግኘት ነው። ተፈጥሮ በዚህ ክልል ይህን የመሰለ ቁስ በቀላሉ አልሰጠችንም። በተለይ ለሞገዱ ማግኔታዊ መስክ መልስ የሚሰጡ ቁሶች በቴራኸርትዝ ድግግሞሽ እጅግ ጥቂት ናቸው። ሜታማቴሪያል የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ከቃጫ እስከ መዳብ ቀለበት

«ሜታማቴሪያል» የሚለው ቃል አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የመነጨውም ሀብታም በሆነ ቤተ ሙከራ ውስጥ አልነበረም። በ1890ዎቹ በቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ፣ በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ እስከ 5 ሚሊሜትር ድረስ ባጠረ ሞገድ ሙከራዎችን ያካሂድ ነበር። መምህሩ ብዙውን መሣሪያ የሚሠራው በአካባቢው ከሚያገኘው ነገር ነው። በገጾቹ መካከል የቆርቆሮ ቅጠል ያስገባበትን የባቡር ሰዓት መግለጫ መጽሐፍ፣ ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተወዛውዞ እንዲያልፍ ለማድረግ ተጠቅሞበታል። በ1898 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ጁት የተባለውን፣ ጆንያ የሚሠራበትን ቃጫ ወስዶ ወደ አንድ ወገን አከረረና በሞገዱ መንገድ ላይ አኖረው፤ የሞገዱ የውዝዋዜ አቅጣጫ ዞረ። ቃጫውን ወደ ተቃራኒው ወገን ሲያከረው ሞገዱም ወደ ተቃራኒው ዞረ። የቃጫው ንጥረ ነገር በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የተለወጠው አከራረሩ ብቻ ነው። ሜታማቴሪያል የሚያስተምረን ነገር በሙሉ በዚህች ሙከራ ውስጥ በፍሬ ደረጃ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ በ1946 የቤል ላቦራቶሪው ዊንስተን ኮክ ከትይዩ የብረት ዝርግ ቁራጮች ለማይክሮዌቭ የሚያገለግል ሌንስ ሠራ። በ1967 ደግሞ ሩሲያዊው ቪክቶር ቬሴላጎ አንድ እንግዳ ጥያቄ በጽሑፍ አቀረበ። አንድ ቁስ ለኤሌክትሪክ መስክም ለማግኔት መስክም የሚሰጠው ምላሽ ሁለቱም አሉታዊ ቢሆኑ ምን ይከተላል? ሒሳቡ የሰጠው መልስ የሚያስደንቅ ነበር። ውሃ ውስጥ የተነከረ ዱላ የተሰበረ መስሎ የሚታየን ብርሃን ከአንድ ቁስ ወደ ሌላ ሲገባ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ ነው። ወትሮ ግን ጨረሩ ለወለሉ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን መስመር ተሻግሮ ወደ ማዶ ያልፋል። በቬሴላጎ ቁስ ውስጥ ጨረሩ መስመሩን ሳይሻገር ወደ መጣበት ወገን ተመልሶ ይሰበራል። እንዲህ ያለ ቁስ በተፈጥሮ ውስጥ ባለመገኘቱ ሐሳቡ ከ30 ዓመታት በላይ በወረቀት ላይ ተኝቶ ኖረ።

ሐሳቡን የቀሰቀሰው በለንደን የኢምፔሪያል ኮሌጅ የፊዚክስ ሊቅ ጆን ፔንድሪ ነው። ፔንድሪና ባልደረቦቹ በ1996 ቀጫጭን ሽቦዎችን በመደርደር አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ምላሽ፣ በ1999 ደግሞ የተሰነጠቁ የብረት ቀለበቶችን በመደርደር አሉታዊ ማግኔታዊ ምላሽ ማግኘት እንደሚቻል በስሌት አሳዩ።

የቀለበቷ አሠራር ለማንኛውም የመሰናዶ ተማሪ የሚገባ ነው። ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋች የመዳብ ቀለበት ውስጥ ጅረት ሲዞር ቀለበቷ እንደ ኢንዳክተር፣ ስንጥቋ ደግሞ እንደ ካፓሲተር ታገለግላለች። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ሬዲዮን ጣቢያ ለማስያዝ እንደምንጠቀምበት ሰርኪዩት፣ የራሳቸው የሆነ የውዝዋዜ ምት ይኖራቸዋል። ዥዋዥዌ የሚጫወትን ሕፃን ያስታውሷል። ገመዱን በራሱ ምት ብንገፋው ከፍ ከፍ ይላል፤ ከራሱ ምት ፈጠን አድርገን ብንገፋው ግን እኛ ወደፊት ስንገፋ እሱ ወደ ኋላ ይመጣል። ቀለበቷም ከራሷ ምት በጥቂት ለሚበልጥ ሞገድ የምትሰጠው መልስ ተቃራኒ ነው፤ አሉታዊነቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። አንዲት ቀለበት ብቻዋን ለሞገዱ ምንም አይደለችም። ከሞገዱ ርዝመት በጣም ያነሱ ሺህ ቀለበቶች በሥርዓት ሲደረደሩ ግን ሞገዱ እያንዳንዷን ለይቶ ማየት ስለማይችል፣ ድርድሩን እንደ አንድ ወጥ ቁስ ይቆጥረዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባላችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

አንባብያን በተለይ እንዲያስተውሉ የምንሻው ቀጥሎ የሆነውን ነው። በ2000 እና በ2001 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ዳቪድ ስሚዝ፣ ሪቻርድ ሼልቢና ሼልደን ሹልዝ የፔንድሪን ሽቦና ቀለበት አጣምረው ሠሩ። የተጠቀሙበት ቁስ ምን ነበር? በየሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ቤቱ የሚታየው ዓይነት የሰርኪዩት ሰሌዳ፣ በላዩም የመዳብ ቅርጾች። ሞገዱስ? በ10 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ያለ፣ 3 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ማይክሮዌቭ። ከቴፍሎን የተሠራው ፕሪዝም ሞገዱን ወደተለመደው ወገን ሲሰብረው፣ ከሰርኪዩት ሰሌዳ የተሠራው ፕሪዝም ወደ ተቃራኒው ሰበረው። ለአዲሱ የጥናት ዘርፍ በር የከፈተው ሙከራ በቴራኸርትዝም፣ በብርሃንም አልተካሄደም፤ የተካሄደው በጣት በሚለካ ሞገድ ነው።

ወደ ቴራኸርትዝ መውረድ

የቀረው ቀለበቶቹን ማሳነስ ነበር። በ2004 የአሜሪካና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሰው ፀጉር ውፍረት የሚያክሉ ወይም ከዚያ ያነሱ የመዳብ ቀለበቶችን በኳርትዝ ላይ ደርድረው፣ በ1 ቴራኸርትዝ አካባቢ ማግኔታዊ ምላሽ አገኙ። በ2006 ሁ ቶንግ ቼንና ባልደረቦቹ ደግሞ የወርቅ ቀለበቶችን ጋሊየም አርሰናይድ በተባለ ሴሚኮንዳክተር ላይ አሳረፉ። ቮልቴጅ በሌለበት ጊዜ በሴሚኮንዳክተሩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች የቀለበቷን ስንጥቅ ያሳጥሩታል፤ በመሆኑም ቀለበቷ ትደነዝዛለች። ቮልቴጅ ሲሰጥ ኤሌክትሮኖቹ ከስንጥቁ አካባቢ ይባረራሉ፤ ቀለበቷም ነቅታ ሞገዱን መገደብ ትጀምራለች። በዚህ ዘዴ የሚያልፈውን የቴራኸርትዝ ሞገድ በ50 ከመቶ መለዋወጥ ተችሏል። በትእዛዝ የሚሠራ ቁስ ተገኘ ማለት ነው።

በ2011 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፌዴሪኮ ካፓሶ ቡድን አንድ እርምጃ ጨመረ። ሙከራው የተካሄደው በኢንፍራሬድ ቢሆንም ሕጉ ለቴራኸርትዝም ይሠራል። ወፍራም ቁስ ከመሥራት ይልቅ በአንድ ስስ ገጽ ላይ ቅርጻቸው በጥቂት በጥቂቱ የሚለያይ አንቴናዎችን መደርደር ይበቃል። እያንዳንዱ አንቴና ሞገዱን በተወሰነ መጠን ያዘገየዋል፤ የዝግየታው አወራረድ የጨረሩን አቅጣጫ ይወስናል። ገጹ ላይ ዝግየታው ከመሐል ወደ ዳር በተገቢው ስሌት ቢለዋወጥ ጠፍጣፋው ገጽ ሌንስ ይሆናል፤ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ደረጃ ቢጨምር ደግሞ ጨረሩን ወደ ጎን ያዘነብለዋል።

በአንድ ምሳሌ እንየው። በ1 ቴራኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 0.3 ሚሊሜትር ነው። በገጹ ላይ በየ0.6 ሚሊሜትሩ ዝግየታው አንድ ሙሉ ዙር እንዲጨርስ ብንደረድረው፣ ቀጥ ብሎ የገባው ጨረር የሚያዘነብልበት ማዕዘን ሳይን 0.3 ለ0.6 ሲካፈል፣ ማለትም 0.5 ይሆናል፤ ማዕዘኑም 30 ዲግሪ ነው። ዙሩን ወደ 1.2 ሚሊሜትር ብናራዝመው ማዕዘኑ ወደ 14.5 ዲግሪ ይቀንሳል። እንግዲህ የአንቴናዎቹ ዝግየታ በቮልቴጅ የሚለወጥ ከሆነ፣ የቮልቴጁን አሰጣጥ በመለወጥ ብቻ፣ አንዳች ነገር ሳናንቀሳቅስ ጨረሩን ከ30 ወደ 14.5 ዲግሪ ማዞር እንችላለን። በ2014 የቻይናው ቲዬ ጁን ኩይና ባልደረቦቹ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ኮምፒውተር አሃዝ 0 ወይም 1 አድርጎ በመቁጠር፣ ገጹን በፕሮግራም ማዘዝ እንደሚቻል በማይክሮዌቭ አሳይተዋል። በቴራኸርትዝም እንደ ሴሚኮንዳክተር፣ ግራፊን፣ እንዲሁም በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከኢንሱሌተርነት ወደ ብረትነት የሚለወጠው ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ የመሳሰሉት ለዚሁ ተግባር እየተሞከሩ ይገኛሉ።

ሞገዱን በመቶ እጥፍ ማሳደግ

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። የማክስዌል እኩልታዎች ለሁሉም መጠን አንድ ናቸው። የአንድን መዋቅር ልክ ሁሉ በ100 ብናበዛና የሞገዱንም ርዝመት በ100 ብናበዛ፣ የመስኮቹ አቀማመጥ አይለወጥም። የ1 ቴራኸርትዝ ሞገድ በ100 እጥፍ ሲረዝም 3 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ይህም የ10 ጊጋኸርትዝ ማይክሮዌቭ ነው። በቴራኸርትዝ 0.03 ሚሊሜትር መሆን የነበረባት ቀለበት 3 ሚሊሜትር ትሆናለች። የመጀመሪያዋን ለመሥራት ከአቧራ የጸዳ ልዩ ክፍልና ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛዋን በሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ ቅርጹን ሥሎ ትርፉን መዳብ በፌሪክ ክሎራይድ በማጠብ ማውጣት ይቻላል። ለማስተማሪያ የሚዘጋጁት የማይክሮዌቭ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ በ10 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው። እነሱ ባይገኙ እንኳ፣ ሰው ሲቀርብ በራሳቸው ከሚከፈቱ በሮች አንዳንዶቹ የሚጠቀሙበት አነስተኛ የማይክሮዌቭ ማመንጫ በ10.5 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ነው።

ከዚህም በቀለለ ነገር መጀመር ይቻላል። 3 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን ሞገድ ከካርቶን 30 ሴንቲሜትር ርቆ በሚገኝ ነጥብ ላይ ለማሰባሰብ፣ በአንድ ሰፊ ካርቶን ላይ ከአንድ ማዕከል 9.6፣ 13.7 እና 17.0 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ያላቸው ሦስት ክቦችን እንሣል። መሐሉን ክፍት ትተን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክብ መካከል የአሉሚኒየም ቅጠል እንለጥፍ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ክፍት እንተው፤ ከሦስተኛው ውጭ ያለውን እንደገና እንሸፍን። ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ከእያንዳንዱ ክብ ጠርዝ እስከ ማሰባሰቢያው ነጥብ ያለው ርቀት ከቀዳሚው በግማሽ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በ1.5 ሴንቲሜትር እንዲበልጥ ተደርጎ ነው፤ የፓይታጎረስን ሕግ የሚያውቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊያረጋግጠው ይችላል። ይህ ካርቶን ሞገዱን የሚያጠፋፉትን ክፍሎች በመጋረድ ይሠራል፤ የሜታማቴሪያሉ ገጽ ደግሞ በመጋረድ ፈንታ የእያንዳንዱን ክፍል ዝግየታ እያስተካከለ ሁሉንም ለሥራ ያውላል። አንዱን በእጁ የሠራ ተማሪ ሌላውን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ሆኖም ማጋነን አይገባም። በማይክሮዌቭ የሠራ ነገር ሁሉ በቴራኸርትዝ እኩል አይሠራም፤ ምክንያቱም የብረት ጠባይ እንደ ልኩ አያንስም። በመዳብ ውስጥ ጅረት የሚፈስበት የቆዳ ጥልቀት ከ10 ጊጋኸርትዝ ወደ 1 ቴራኸርትዝ ሲኬድ በ10 ብቻ ሲያንስ፣ ቀለበቷ ግን በ100 ታንሳለች። ስለዚህ ከቀለበቷ ልክ አንጻር ሲታይ የቆዳው ድርሻ በ10 ይበዛል፤ የጉልበት ብክነቱም አብሮ ያድጋል። ፔንድሪ በ2000 በስሌት ያቀረበው «ፍጹም ሌንስ» እንደ ስሙ ፍጹም ሊሆን ያልቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ብክነት ነው። ሰውን ከዓይን ይሰውራሉ እየተባለ ስለ እነዚህ ቁሶች የሚጻፈውንም በዚሁ ሚዛን ማየት ይገባል፤ በ2006 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የተሰወረው አንድ አነስተኛ የመዳብ ሲሊንደር ሲሆን፣ የተሰወረውም ከዓይን ሳይሆን ከአንድ ዓይነት ማይክሮዌቭ ነበር። እንዲህ ያለው ገደብ ራሱ ለምርቃ ሥራ የሚሆን መልካም ጥያቄ ነው። ብክነቱን በቅርጽ መቀነስ ይቻላልን? መልሱን ለመፈለግ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሰራጨውን ሚፕ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«አገራችን ስንትና ስንት አንገብጋቢ ችግር እያለባት ይህ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ወገን እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን የቴራኸርትዝ ምርምር ማዕከል ይገንባ አላልንም። ያልነው ቀድሞውንም የምናስተምረው የኤሌክትሮማግኔቲዝም ትምህርት ከሰሌዳ ወርዶ በካርቶንና በመዳብ ይሞከር ነው። የቅጠልን ውሃ በሞገድ መለካት ለገበሬ አገር ባዕድ ጉዳይ አይደለም። የነገው የመገናኛ መሣሪያም ወደ አገራችን መግባቱ አይቀርም፤ ሲገባ የሚጠብቀው የሚረዳውን ሰው ነው ወይስ ሣጥኑን ብቻ የሚከፍተውን?

ሌሎች ደግሞ «በካርቶን የሚሠራው መጫወቻ እንጂ ምርምር አይደለም» ይላሉ። ለዚህ የቦዝ ቃጫና የሳን ዲዬጎው የሰርኪዩት ሰሌዳ በቂ መልስ ይመስሉናል። ምርምርን ከመጫወቻ የሚለየው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን የጥያቄው ጥራትና የልኬቱ ሐቀኝነት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። የፊዚክስና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ቢያንስ አንድ የምርቃ ሥራ በዚህ ርዕስ በ3 ሴንቲሜትር ሞገድ እንዲሠራ በየዓመቱ ያቅርቡ። ተማሪዎች ስሌቱን በኮምፒውተር፣ ቅርጹን በሰሌዳ፣ ውጤቱን በልኬት አወዳድረው፣ የማይስማማበትን ቦታ ሳይደብቁ ይጻፉ። እኛ መምህራን ደግሞ፣ ውጭ አገር ያየነውን መሣሪያ እየተረክን ተማሪውን ከማስጎምጀት ተቆጥበን፣ በእጃችን ባለው ምን መጠየቅ እንደሚቻል እንወቅ። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ተጠያቂዎችም እኛው ነን።

ያች ተማሪ ትምህርቷን ጨርሳ ሄዳለች፤ ዛሬ የት እንዳለች አናውቅም። ይህ መጽሔት ምናልባት ከእጇ ቢደርስ መልሳችን የሚከተለው ነው። የጠየቅሽውን ነገር የምትሞክሪው በካርቶን፣ በአሉሚኒየም ቅጠል፣ በሰርኪዩት ሰሌዳና በማክስዌል እኩልታዎች ነው። ክቦቹን ሥለሽ ስትመጪ የቤተ ሙከራው በር ክፍት ሆኖ ይጠብቅሻል። ከኋላሽ ለሚመጡት ግን «ውጭ አገር ስትሄዱ» የሚለውን መልስ ዳግም አንሰጥም።